«ዶክቶራ አለች»

ወሰንየለሽን መጀመሪያ ያባነናት «አለች» የምትለዋ ቃል ናት።

ባሏ ሀይሉ ፉሉን በዳቦ እየጠቀሰ፣ ገና ጎርሶ ሳይጨርስ፣ «ዶክቶራ ዛሬ ምን አለች መሰለሽ» አላት። ወሰንየለሽ እጇን ከሳህኑ መልሳ አየችው። የተማረች ሰው፣ ያውም ሥራ የምታሠራው ሴት፣ «አሉ» ትባላለች እንጂ «አለች» ትባላለች? ሀይሉ ማለት እኮ የአከራያቸውን ምራት፣ በዕድሜ በጣም የምታንሰውን ልጅ እንኳ፣ ሲያነሳት «እሳቸው» የሚል ሰው ነው።

«ማናት ደግሞ እሷ?» አለችው።

«የወፎቹ ዶክቶራ ናታ። ዘኪያ!» አለና ወሬውን ቀጠለ። ዶክቶራ ለአንድ ጥንብ አንሳ ጀርባው ላይ ትንሽ መሣሪያ አስራለታለች። አሞራው ከቱርክ ተነሥቶ፣ የቀይ ባሕርን ዳር ይዞ፣ ሱዳንን አቋርጦ ወደ እኛ አገር ሲወርድ፣ እሷ እዚህ ካርቱም ቁጭ ብላ በኮምፒዩተር ትከተለዋለች። ትናንት ከሰላ አካባቢ አድሯል። ሀይሉ ይህን ሲያወራ ዳቦው በእጁ ላይ ደረቀ። ወሰንየለሽ ግን ከወሬው ሁሉ የያዘችው «እሷ»ን ብቻ ነበር።

ይህ የሆነው ጦርነቱ ካርቱምን ከመበተኑ በፊት በነበረው የመጨረሻ በጋ ነው። ወሰንየለሽ የጭልጋ ልጅ ናት። በመተማ አድርጋ ገዳሪፍ የገባችው ገና በወጣትነቷ፣ ለሰሊጥ አጫጆች ምግብ ለማብሰል ነበር። ሀይሉ በዚያን ጊዜ ሰሊጥ የሚጭን መኪና ላይ ረዳት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ምግቡን በልቶ ሳህኑን ራሱ አጥቦ የሚሄድ ጎንደሬ። ለዚያ ሳህን ብላ አገባችው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ካርቱም ገብተው ቡሪ ውስጥ አንዲት ባለ ግቢ ቤት ተከራዩ፤ እሷ የፊተኛው ክፍል ውስጥ የእግር መኪናዋን ተክላ የተማሪ ዩኒፎርምና የሐበሻ ቀሚስ ትሰፋለች፣ እሱ የአንድ ሱዳናዊን ሃይስ ሚኒባስ ይነዳል። ልጃቸው ቤቲ አማርኛዋ ከዓረብኛ ጋር ተጋብቶ አያቷ በስልክ «ይህች ልጅ ምን እያለች ነው?» ማለት ስትጀምር፣ ትማር ብለው ወደ ጎንደር ላኳት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የስፌት መኪናው ድምፅ ብቻ ሆነ።

ዘኪያ ያለችበት የወፍ ማኅበር ሀይሉን የተዋዋለው አርብ አርብ አባላቱን ወደ ወንዝ ዳር እንዲያደርስ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ሲመለስ ይስቅባቸው ነበር። «ለጥንብ አንሳ ብለው ቤንዚን ያቃጥላሉ!» ይላል። ቀስ እያለ ግን መሳቁን ተወ። ማኅበሩ በየወሩ አርካዊት ሰፈር ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ንግግር ያሰማል፤ እነሱ ሙሓደራ ይሉታል። አንዱ ተመራማሪ ይመጣና ስለ ሽመላ፣ ስለ ዳክዬ፣ ወፎቹ ለምን እያለቁ እንደሆነ ይናገራል፣ ሰው ይጠይቃል፣ ሻይ ይጠጣል። ሀይሉ ሰዎቹን አድርሶ ውጭ መኪናው ውስጥ ይተኛ የነበረ ሰው ወደ በሩ ቀረበ፣ ከበሩ ወደ ኋላ ወንበር፣ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት። አሁን ሙሓደራ ባለ ቀን ሸሚዙን ራሱ ይተኩሳል። ለቤተ ክርስቲያን እንኳ እሷ ናት የምትተኩስለት።

ነገሩን ያባሰችው ትርንጎ ናት። ትርንጎ አል-ጣኢፍ ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ የወሰንየለሽ የቆየች ጓደኛና ደንበኛ ነች። ቀሚስ ልታስለካ መጥታ እጇን እንደ ዘረጋች፣

«ወሰንዬ፣ ባልሽን አየሁት» አለቻት።

«የት?»

«በሃይሱ ሲያልፍ። ጋቢናው ውስጥ ቶብ የተከናነበች ሱዳናዊት አስቀምጦ ሲሥቅ ጥርሱ ሁሉ ይታይ ነበር።»

ወሰንየለሽ በከንፈሯ የያዘችውን ስፒል ሳታወጣ «ሥራው ነው» አለች።

«ሥራውማ ነው፤ እኔ ምን አልኩ? ሀይሉ ጥርስ እንዳለው ስላላወቅሁ ገርሞኝ ነው።»

ያን ዕለት ወሰንየለሽ የትርንጎን ወገብ አሳስታ ለካች።

ማታ ሀይሉ ሲታጠብ ስልኩን ከፈተች። ከዘኪያ የተላከ የድምፅ መልእክት አገኘች። ዓረብኛው ቀላል ነበር፤ ነገ በጊዜ እንዲመጣ፣ ወደ ቄራው እንደሚሄዱ፣ አሞራዎቹ ጠዋት ጠዋት እንደሚያርፉ። ምንም የለበትም። መጨረሻው ላይ ግን ሴትዮዋ ሣቀች፤ «ደግሞ ያንን ጭቃ እንዳትረሳ!» ብላ። የምን ጭቃ? ወሰንየለሽ መልሳ ሰማችው፤ እንደገናም ሰማችው። በሁለት ሰዎች መካከል ብቻ የሚያሥቅ ነገር አለ ማለት ነው። ከብዙ ዓመት ትዳር በኋላ እሷና ሀይሉን ብቻ የሚያሥቃቸው ነገር ምን እንደሆነ አሰበች፤ አንድም አልመጣላትም።

በሚቀጥለው ሙሓደራ ቀን፣ እሱ ከወጣ በኋላ፣ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ዓይኗን ተኳለችና ባለ ሦስት እግር ራክሻ ይዛ አርካዊት ሄደች። አዳራሹ ውስጥ መብራቱ ጠፍቶ ግድግዳው ላይ የወፍ ፎቶ ይታያል። በጨለማው ተጠቅማ ከኋላ አንድ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሀይሉን ወዲያው ለየችው፤ ከፊት ረድፍ፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ደግፎ፣ አንገቱን አስግጎ።

ቆማ የምትናገረውን ዘኪያን ስታያት ይብስ ተቃጠለች። ቆንጆ ብትሆን ይሻላት ነበር። ቆንጆ ሴት ወንድ ታሳስታለች፤ ይህ ያለ ነው፣ አልቅሰው ይወጣላቸዋል። ይህች ግን ዕድሜዋ ከሷው ጋር የሚቀራረብ፣ ወፈር ያለች፣ ቶቧ ከትከሻዋ በተንሸራተተ ቁጥር እየመለሰች የምትናገር ሴት ናት። እግሯ አብጦባት ይሁን ሌላ፣ ጫማዋን ከጠረጴዛው ሥር አውልቃ በባዶ እግሯ ቆማለች። ወርቅ የላትም። ኩልም የላትም። ታዲያ ምኗን ነው?

ዘኪያ የምትናገረው ስለዚያው ስለ ነጩ፣ ፊቱ ቢጫ ስለሆነው ጥንብ አንሳ ነበር። ምድረ በዳ ውስጥ ዛፍ ስለሌለ በኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ያርፋል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ሁለት ሽቦ ከነካ በዚያው ይቀራል። ለጅብና ለውሻ ተብሎ የተመረዘ ሥጋም ይበላና ይሞታል። ምሰሶውን መሸፈን ይቻላል፤ መርዙን ማስቆም ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ሰው አሞራው ይጠቅመኛል ማለት አለበት አለች። አንድ ፎቶ አሳየች፤ አሞራው ከምሰሶ ሥር ክንፉን ዘርግቶ ወድቋል። ሀይሉ እጁን አፉ ላይ አደረገ። ወሰንየለሽ ያንን አኳኋኑን ያየችው አባቱ የሞቱ ቀን ነው።

በኋላ መብራቱ በራ፣ ሰዉ ስለ ወንዝ ዳር ጉዞው ማውራት ጀመረ፣ ዘኪያም «ሀይሉ፣ የጭቃውን ንገራቸው እንጂ!» አለች። ተነሣ። ያ ሀይሉ፣ በሠርጉ ቀን እንኳ ንግግር አድርግ ሲሉት ላብ ያጠመቀው ሰው፣ ተነሥቶ በዓረብኛ አወራ። ጀበል አውልያ፣ ወንዙ ዳር፣ ሃይሱ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ፣ እሱ ወርዶ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ሲገፋ፣ አንድ ብርቅ ወፍ አጠገባቸው ያርፋል። ዶክቶራ ከመስኮት አንገቷን አውጥታ በሹክሹክታ «አትግፋ! እንዳትተነፍስ!» ትለዋለች። እንደ ሐውልት ቆሞ ቀረ፤ እነሱ ወፉን ፎቶ ያነሳሉ፣ እሱ ይሰጥማል። ሹክሹክታዋን በሷው ድምፅ አወጣው፤ ትከሻዋ ላይ ቶብ እንደምትመልሰው አድርጎ እጁን መለሰ። አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። ዘኪያ ዓይኗን እየጠረገች ጠረጴዛውን መታችው።

ወሰንየለሽ ግን አልሣቀችም። ሰውን እንዲህ አድርጎ ለመቅዳት ስንት ጊዜ ማየት ያስፈልጋል? እኔንስ መቅዳት ይችል ይሆን? እኔ ስናገር እጄን ምን እንደማደርገው ያውቃል? ሻይ ሳይቀርብ ሹልክ ብላ ወጣች። በራክሻው ላይ ኩሏ በእንባ ታጥቦ ጉንጯ ጠቆረ። እሱ ሲመለስ ፊቷን ታጥባ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች።

«እንዴት ነበር?» አለችው።

«ደህና» አለና ሊተኛ ሄደ።

ደህና! ለነዚያ ተረቱን ሁሉ አፍስሶ፣ ለሷ የተረፈው «ደህና» ነው።

ከዚያ በኋላ ሀይሉ ይዞት የመጣው ዜና ቅናቷን ጨርሶ አነደደው። ለሚቀጥለው ሙሓደራ ዶክቶራ ከሷ ጋር እንዲናገር ጠይቃዋለች። አሞራው ወርዶ የሚከርመው እነሱ አገር ስለሆነ፣ ጎንደር ላይ ሰው ጥንብ አንሳን እንዴት እንደሚያየው፣ ልጆች እንዴት ድንጋይ እንደሚወረውሩበት፣ ቄራ አካባቢ እንዴት እንደሚውል ያየውን እንዲያወራ። ሀይሉ መስተዋት ፊት ቆሞ «ያ ጀማዓ፣ መሳል ኸይር» እያለ የዓረብኛ ሰላምታውን ሲለማመድ ሰነበተ። አንድ ጊዜ ወደሷ ዞሮ «ድንጋይ እወረውር እንደነበር ልንገራቸው ወይስ ይቅር?» ሲል ጠየቃት። «ዶክቶራን ጠይቃት» አለችው። ወደ መስተዋቱ ተመለሰ።

ቀኑ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሀይሉ ጓሮ ጢሙን ሲላጭ ስልኩ ጮኸ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ስለሌለ ባትሪው ሊያልቅ ተቃርቧል። ወሰንየለሽ አነሣችው።

«ሀይሉ የለም? አንቺ ሚስቱ ነሽ? ዘኪያ ነኝ፣ እኅቴ» አለ ያ ድምፅ። «ያ ትምህርት ቤት መብራት የለውም። ቦታው ተቀይሯል። እናንተው ሰፈር፣ ቡሪ፣ ጄኔሬተር ያለው ናዲ አለ አይደል? እዚያ ነው። እንደ ተባባልነው ዛሬ ሰዎቹን ሌላ መኪና ያመጣቸዋል፣ እሱ በእግሩ ይምጣ። እንዳትረሺ እሺ?»

«ተማም» አለች ወሰንየለሽ። ናዲውን ታውቀዋለች፤ ከግቢያቸው ጀርባ ያለ የሰፈር ክበብ ነው። ስልኩን ዘጋች፣ የተደወለውን አጠፋች፣ ባለበት መለሰችው።

ሀይሉ ራሱ የተኮሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሽቶ ነክቶ ወጣ። በሩ ላይ ቆመና «ኢንሻአላህ በያ» አላት። ቀና ሳትል «ኢንሻአላህ» አለች።

አመሻሹ ላይ ከግቢው ጀርባ የጄኔሬተሩ ድምፅ ተነሣ፣ ቀጥሎም የማይክሮፎን። ወሰንየለሽ ይህን አላሰበችውም ነበር። የዘኪያ ድምፅ በግንቡ ላይ ተሻግሮ መጣ፤ ሰላምታ፣ ሣቅ፣ ከዚያ «ወዳጃችን ሀይሉ ትንሽ ዘግይቷል፣ እንጠብቀው» ሲል ሰማችው። ጠበቁት። ወሰንየለሽ ፔዳሉን በኃይል ረገጠች፤ ድምፁን ሊሸፍንላት ግን አልቻለም። ቆይቶ ደግሞ «ሀይሉ ያልመጣው ቢያመው ነው፤ አላህ ይማረው» ተባለ፣ ሰዉም በአንድ ድምፅ «አሚን» አለ።

ሀይሉ ሲመለስ ናዲው ጸጥ ብሏል። ሸሚዙ በላብ ተጣብቋል። አርካዊት ሄዶ የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ጠብቋል፤ ስልኩም ባትሪው አልቆ መንገድ ላይ ተዘግቶበታል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ምነው?» አለች።

«ተያቸው። ትተውኝ ነው» አለ። «አንዱ ነግሯቸው ይሆናላ፣ ሹፌር ምን ያወራል ብሎ። ያውም ሐበሻ። እኔ ነኝ ጅሉ።»

ወሰንየለሽ ደስ ሊላት ነበር የሚገባው፤ የፈለገችው ይህንን አልነበር? ሀይሉ ግን ሸሚዙን አውልቆ፣ እንደዚያ የተለማመደበትን መስተዋት ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። በዚያ አገር ስንት ዓመት «ያ ሐበሺ» ተብሎ ሲጠራ ቢያሳዝነውም እንዲህ አንገቱን ደፍቶ አይታው አታውቅም። አሁን አንገቱን ያስደፋችው እሷ ናት።

በማግሥቱ በሩ ተንኳኳ። ዘኪያ ናት፤ ብርቱካን በፌስታል ይዛ በሽተኛ ልትጠይቅ መጥታለች። ሀይሉ ደንግጦ ወንበር አቀረበ።

«ተሻለህ?» አለችው።

«እኔ መች ታመምኩ? አርካዊት ድረስ መጥቼ ዘግታችሁ ሄዳችኋል እንጂ።»

«አርካዊት? ደውዬ ቡሪ ነው አላልኩም? ለሚስትህ...» ብላ ጀመረችና ወደ ወሰንየለሽ ዞረች። ወሰንየለሽ መቀስ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀርታለች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ዘኪያ ብዙ ዓመት ሩቅ ያለ ነገርን በማየት የኖረች ናት፤ ቅርቡንም አላጣችውም።

«መዕሌሽ» አለች ቶሎ ብላ። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነበር። እኅቴ አልሰማችኝም ማለት ነው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ደግሜ መደወል ነበረብኝ። ያላ፣ የሚቀጥለው ወር ትናገራለህ።»

ብርቱካኑን አስቀምጣ ሄደች። የጠሉት ሰው ሲያድናቸው ምን ያህል እንደሚያንገበግብ ወሰንየለሽ ያን ጊዜ አወቀች። ተሰድባ ቢሆን መልስ ነበራት። ሀይሉ ፊቱ በርቶ «አየሽ? ትተውኝ አይደለም እኮ!» ሲላት ግን አላስቻላትም።

«ሰምቻታለሁ» አለች። «ኔትወርኩ ደህና ነበር። ቦታውን ነግራኝ ነበር። ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ።»

ሀይሉ አልጮኸም። ትራሱን ይዞ ግቢ ያለው የገመድ አልጋ ላይ ወጥቶ ተኛ። ለቀናት ይበላል፣ ሳህኑን ያጥባል፣ ይወጣል። በመጨረሻ አንድ ቀን፣ እሷ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ መጥቶ ከመኪናዋ ትይዩ ተቀመጠ።

«ከዘኪያ ጋር ምንም የለኝም» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን?»

ወሰንየለሽ ፔዳሉን አቆመች። «ሌላ ሴት ብትይዝ አባርሬህ እገላገል ነበር። አንተ ግን ሣቅህን ነው ይዘህ የሄድከው። መጥቼ አይቼሃለሁ፤ አርካዊት፣ ከኋላ ተቀምጬ። ያ እዚያ ቆሞ የሚያወራው ሰው እኔ ቤት ገብቶ አያውቅም።»

ሀይሉ መምጣቷን ሲሰማ ደነገጠ። ከዚያ እጆቹን እያየ ተናገረ። «እዚህ ቤት እኮ፣ ወሰን፣ ከገባሁ እስክተኛ የምናወራው የመኖሪያ ኢቃማው መች ይታደሳል፣ የፖሊስ ከሻው ዛሬ የት ሰፈር ገባ፣ ማን ታሰረ ነው። እዚያ አንዷ ‹እናንተ አገር ይህን አሞራ ምን ትሉታላችሁ?› ብላ ጠየቀችኝ። ሱዳን ከገባሁ ጀምሮ ፖሊስ ያልሆነ ሰው ስለ አገሬ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ለኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«ልነግርሽ ስጀምር ‹ማናት እሷ› ነበር የምትይኝ።»

ወሰንየለሽ ይቅርታ የምትለውን ቃል ያን ዕለት አላወጣችውም፤ ማታ ግን ወጥታ ትራሱን ከገመድ አልጋው ላይ አነሣችና ወደ ውስጥ አስገባችው። እሱም ተከትሎት ገባ።

በሚቀጥለው ወር አብረው ሄዱ። ሀይሉ ወረቀት አልያዘም፣ ሲጀምር የተለማመደውም ጠፋው። ከዚያ ድንጋይ ይወረውር እንደነበር ተናገረ። አንድ ቀን ድንጋዩ አግኝቶት አሞራው ክንፉን እየጎተተ አጥር ለአጥር ሲሄድ፣ ሲከተለው እንደዋለ፣ ጅብ እንዳይበላው ሲመሽ እንኳ ትቶት መሄድ እንዳልቻለ ተናገረ። ሰው አልሣቀም። ወሰንየለሽ ይህን ሰምታ አታውቅም። ያ ቅናት እንደገና ፈላባት፤ ይህንንም ለነዚህ ቀድሞ ሰጠ!

ንግግሩ ሲያልቅ ሰዉ ሀይሉን ከበበው። ዘኪያ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ መጥታ ወሰንየለሽ አጠገብ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ወሰንየለሽ ያንን የስልክ ነገር ማንሣት ፈለገች። «ዶክቶራ፣ ያን ቀን...» ብላ ጀመረች።

«ተይው» አለች ዘኪያ። ትንሽ ቆይታ፣ ሻይዋን እያማሰለች፣ «ባሌ ይህን አዳራሽ አይቶት አያውቅም» አለቻት። «ስንት ዓመት ሙሉ ስናገር አንድ ቀን አልመጣም። ከማን ጋር እንደምውል፣ ምን እንደምል ግድ የለውም። አንቺ ለመቅናትም ቢሆን መጣሽ። ያን ቀን ከኋላ አይቼሽ ነበር፤ ማን እንደሆንሽ ያወቅሁት ግን ቤትሽ ስመጣ ነው። ወላሂ፣ እኔም ቀናሁ።»

ወሰንየለሽ አዘነችላት። ከኀዘኑ ሥር ደግሞ አንድ ትንሽ ደስታ ነበር፤ እሱ አሳፍሯት ዋጠችው። ሁለቱም ሻያቸውን እየጠጡ ሀይሉን ያዩት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ክንዱን ይዞ ይጠይቀዋል፤ እሱ እጁን ዘርግቶ የአሞራውን ክንፍ ያህል ያሳያል።

«ያላ፣ ጥሪው እንጂ» አለች ዘኪያ። «ካልጠራሽው አይለቁትም።»

ወሰንየለሽ ባሏን አየችው። ፊቱ ያብረቀርቃል፣ አንዱን ሳይመልስ ሌላው ይጠይቀዋል። ውስጧ አሁንም ይበላታል፤ ግን ወንበሯን ወደ ዘኪያ ትንሽ አስጠጋች።

«ይቆይ» አለች። «ትንሽ ያውራ።»